የእማዬ እጅና ሃያ ሁለት በመቶ

ጥር 14

ለጆሮ፣

ሰላምታዬን ለጊዜው ይዤዋለሁ፤ ሲገባህ እሰጥሃለሁ።

ስለ እማዬ ስልክ ሦስት ጊዜ የላክልኝን ጥያቄ አይቻለሁ። ስልክ ላይ ብመልስልህ አውራ ጣት ልከህ ታልፈኛለህ፤ ስለዚህ በወረቀት እጽፍልሃለሁ። ፖስታ ቤት መሥራቴ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀመኝ። ማህተሙን ራሴ መትቼ፣ ከረጢቱ ውስጥ ራሴ ጥዬው ነው የምልከው፤ አልደረሰኝም የሚል ወሬ አልሰማም።

የእማዬ ስልክ አልተበላሸም። ራሷ አጥፍታ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር ጥቅሎቹ ሥር ከታዋለች። «ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ።

ባለፈው ሰኞ አውቶቡስ ማቆሚያ ሄዳ ጠበቀችህ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት። ራሷ የሰፋችውን ግራጫ ካፖርት ለብሳ፣ የሚያማትን ቀኝ እጇን በሻርፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። አምስት አውቶቡስ ገባ፤ ከአምስቱም የወረደውን ሰው አንድ በአንድ አየች። እሷ ሰው ስትጠብቅ ዓይኗን ከበሩ መንቀል እንደማትችል ታውቃለህ፤ ከኋላ ብትጠራትም አትሰማህ። በምሳ ሰዓት ሄጄ ልመልሳት ብል እጄን መንጭቃ ለቀቀችው። «እመጣለሁ ብሏል» አለችኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ራሷ ዞራ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች።

ማክሰኞ ክርኗ ላይ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። ደህና ወጣች። እጇ ከመዳፏ እስከ ብብቷ ተጠቅልሏል። ከዚህ ሌላ የምነግርህ የለም።

እሺ ብሎ የሚቀር ሰው አይቻለሁ። ለገዛ እናቱ ፈገግ ብሎ እሺ ብሎ የቀረ ግን አንተን ብቻ ነው ያየሁት።

እህትህ

*

ጥር 22

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ቁስሉ ደረቀ? ትበላለች?

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ደረጃ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ስጨርስ መጀመሪያ ያደረግሁት መናደድ ነው፤ አልደብቅሽም። እኔ እመጣለሁ አላልኩም። ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር ዛሬ ካንቺ ሰማሁ። ክርኗን እንደሚያማት አውቃለሁ፣ ስፌት ነው ብላኝ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሄደች፣ ቀን ተቆረጠላት ያለኝ ሰው የለም። ታዲያ ያልሰማሁትን ነገር እንዴት ነው የምቀርበት? በየእሁዱ እደውላለሁ። አንድም እሁድ አላጓደልኩም። ይህን እንኳ አትክጂኝ።

ምናልባት ለመንገር አስባ ትታው ይሆናል። አንቺም ብትሆኚ አንድ መስመር መጻፍ አይከብድሽም ነበር።

መስመሩ ጥሩ ስላልነበረ ይሆናል። መቼ ነው የነገረችኝ? በምን ቃል? ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

*

ጥር 29

ለጆሮ፣

ዓይንህን በጨው ታጥበህ መጣህ ማለት ነው።

መቼ አልክ? ታኅሣሥ መጨረሻ፣ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ። በምን ቃል አልክ? እኔ ነኝ ስልኩን ቀጥ አድርጌ የያዝኩላት፤ እሷ ሁለቱም እጇ ያስፈልጋት ነበርና። ቃል በቃል ይኸውልህ፦

«ወሩ አልፎ የሚመጣው ሁለተኛ ሰኞ ና። ማክሰኞ እጄን ይከፍቱታል። ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት ዝም እንደምል አላውቅም፤ ከዚያ በፊት በሁለት እጄ ላወራህ እፈልጋለሁ። ትመጣለህ?»

አንተም ነቀነቅክ። ሁለት ጊዜ። ጥርስህ እስኪታይ ሳቅክላት። እኔ ምስክር ነኝ። ለሌላ ሰው ሽምጥጥ አድርገህ ካድ፤ ለእኔ አይሆንም።

መስመሩ ጥሩ አልነበረም ትላለህ ደግሞ። አገጭህ ላይ የወጣው ብጉር ሳይቀር ይታየኝ ነበር እኮ! ከጀርባህ መደርደሪያው ላይ ያሉትን መጻሕፍት ርዕስ አነብ ነበር። በእኛ በኩል ጥግ ላይ ባለችው ትንሿ ምስል ደግሞ የእማዬ እጅ ጥርት ብሎ ይታያል። ታዲያ የቱ መስመር ነው የተበላሸው?

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ። እሷ ያን ሁሉ ስታወራ አንተ ምን ነበር የሚታይህ?

እህትህ

*

የካቲት 8

ለእትዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እንደምን ሰነበትሽ ለማለትም አፍሬያለሁ።

ጉም ነበር የሚታየኝ። ፊቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የልብሷ አዝራር ይታያል፣ ከጀርባዋ የተሰቀለው ሜትር ላይ ያለው ቁጥር ይታያል። ከእጅ አንጓዋ በታች ግን ጉም ነው። ጣት የለም። ቀስ ስትል ብቅ ይላል፣ ስትፈጥን ይጠፋል፤ እሷ ደግሞ መቼ ቀስ ብላ ታውቃለች? ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ ነው። አራት ወር ሙሉ እናቴ ስታወራኝ ከአሥር ቃል ሁለቱን እየያዝኩ፣ የቀረውን ከፊቷ እየገመትኩ፣ ስትስቅ እየሳቅኩ፣ ዝም ስትል እየነቀነቅኩ ነው የከረምኩት። አልገባኝም ድገሚልኝ ማለት ነበረብኝ። የመጀመሪያውን እሁድ አላልኩም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንዴት ልበል? ያለፈውን ሳምንትስ እንዴት ገባህ ብትለኝ?

ለምን ጉም ሆነ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም፤ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ።

በቪዲዮ ስንደዋወል ስልካችሁ በሴኮንድ ሠላሳ ፎቶ ያነሳል። ሁሉንም እንዳለ ልላክ ቢል ኔትወርኩ አይችልም። ስለዚህ ኢንኮደር የምንለው ፕሮግራም ቪዲዮውን ይጨምቀዋል፦ ፎቶውን በትንንሽ ካሬ ይከፋፍልና እያንዳንዱን ካሬ ከቀደመው ፎቶ ጋር ያስተያያል፤ ያልተለወጠውን ይተወዋል፣ የተለወጠውን ይልካል። የሚላከው ዳታ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ ያ ትንሽ ዳታ የት ላይ ይዋል የሚለው ነው። አምና አንድ ደንብ ተጨመረበት፦ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ የሰው ዓይን ዝርዝር አያይም፤ ስለዚህ ከሚፈጥነው ቀንሶ ለማይንቀሳቀሰው መስጠት። በመስኮት ከሚያልፈው መኪና፣ ከሚወዛወዘው ቅጠል ቀንሶ ለፊት መስጠት። ሃያ ሁለት በመቶ ዳታ ቆጠበ። መስከረም ላይ በአፕዴት ወደ ሁሉም ስልክ ወረደ፤ የእማዬም ስልክ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ቆመው አጨበጨቡልኝ። የቡድን መሪ የሆንኩት በዚህ ነው።

ወንድምሽ

*

የካቲት 15

ለጆሮ፣

ሁለት ቀን ቆይቼ ነው የጻፍኩልህ፤ ያን ዕለት ብጽፍ ወረቀቱም አይችለውም ነበር።

የሰው ዓይን ዝርዝር አያይም አልክ? የማን ዓይን ነው እሱ? አንተ ሦስት ዓመት ሳይሞላህ እማዬ መንገድ ማዶ ሆና «ቁም፣ መኪና!» ያለችህን አይተህ ነው የቆምከው። ትምህርት ቤት ስትቀጣ እጇ እንደ ወንፊት እየተመላለሰ ስትሰድብህ አንዲት ስድብ አታመልጥህም ነበር፤ ማታ ለእኔ እየደገምክ ታስቀኝ ነበር። በዚያ እጅ ያደግክ፣ «የእማዬ ጆሮ» የተባልክ ልጅ ነህ ቁጭ ብለህ የሚፈጥን ነገር አይታይም ብለህ የጻፍከው። ሌላ ሰው ቢጽፈው ባላወቀ ነው እለው ነበር።

ያደረግከውን ደግሞ ስማ። ጥቅምት ላይ እማዬ መነጽር ገዛች። ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ስታወራ እጃቸው አልታይ አላት፤ ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብላ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣች። ጆሮዬ ድሮም የለም፤ ዓይኔም ከሄደ በምን ልኖር ነው ብላ አለቀሰችብኝ። ሁለት ጊዜ ተመረመረች፤ ሐኪሙ ምንም የለብሽም ቢላትም መነጽሩን ገዛች። ጓደኛዋ፣ ያቺ ፀጉር ሠሪዋ፣ የተበላሸ መስሏት ስልክ ቀየረች። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ አንተም እጅህን ጠረጴዛ ሥር ማስቀመጥህ ነው። ድሮ በሁለት እጅህ ነበር የምታወራት። እንደማይታይ አውቀህ ነው የተውከው፤ እሷ ግን ልጄ ከእኔ ጋር ማውራት ሰለቸው ነው ያለችው።

እናንተ ቤት ነገር ሳይሞከር ነው የሚላከው? እኔ እንኳ ፖስታ ከመላኬ በፊት ሙጫው መያዙን አያለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ በእጁ የሚያወራ ሰው ላይ እንሞክረው አላለም? አንተስ አላልክም?

እህትህ

*

የካቲት 26

ለእትዬ፣

ብዬ ነበር። ችግሩ እሱ ነው፤ ብዬ ነበር።

መሞከሪያ ስልሳ አራት ክሊፖች አሉን። የተቀመጠ ዜና አንባቢ፣ ኳስ ጨዋታ፣ ዝናብ፣ ሰው የሞላበት መንገድ። ማንኛውም አዲስ ቨርዥን በስልሳ አራቱ ተፈትኖ አማካይ ውጤቱ ይያዛል። ከዛሬ አምስት ዓመት በፊት ሥራ ስጀምር አንዱን ክሊፕ ያስገባሁት እኔ ነኝ፦ እማዬ ከስፌት መኪናዋ ፊት ቆማ ደንበኞቿን ስታማ፣ አሥር ሴኮንድ። ደንቤን ስሞክር ያቺ ክሊፕ ውጤቷ ቁልቁል ወረደ። ስልሳ ሦስቱ ሲሻሻሉ እሷ ብቻ አማካዩን ይዛ ትጎትታለች። አለቃዬ ምንድን ናት ይቺ ሲለኝ እናቴ ናት አላልኩም። «ያልተለመደ ይዘት» ብዬ ጽፌ አወጣኋት። ማንም አላስገደደኝም። ሁለት ቁልፍ ተጫንኩ፣ አለቀ። ውጤቱም አማረ።

ይህን ካንቺ ሌላ ለማንም አልነገርኩም። እንደፈለግሽ ስደቢኝ፤ ከራሴ የቀደምሽ አይመስለኝም።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። መጋቢት 20 ቀጣዩ ቨርዥን ይዘጋል። ስልክ ሠሪዎች ያንን ወስደው እቃው ውስጥ ያትሙታል፤ ከዚያ በኋላ በእነዚያ ስልኮች ላይ መመለስ የለም። ደንቡን እንዳለ መሰረዝ እንደማይፈቅዱልኝ አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ለወጥኩት። ኢንኮደሩ አሁን የሚፈጥነውን ሁሉ አንድ ላይ አይቀጣም። ከደረት ፊት ለፊት፣ ከፊት አጠገብ የሚፈጥን ነገር ሲያገኝ አይነካውም፤ መኪናውና ቅጠሉ ይቀነስባቸዋል። ሃያ ሁለቱ ወደ አሥራ አምስት ወረደ። የእማዬን ክሊፕ መለስኩና ይዤ ገባሁ።

አለቃዬ «ለስንት ሰው ብለን ነው ሰባት በመቶ የምንጥለው?» አለኝ። ቁጥሩን አላውቀውም፣ የማላውቀውም ቆጥረናቸው ስለማናውቅ ነው አልኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ከመስታወቱ ውጭ ያሉት ዞረው አይተውናል። በአንድ ክሊፕ ቨርዥን አላቆምም አለኝ። ለነገሩ እውነቱን ነው፤ አንድ ክሊፕ ማስረጃ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ቡድኑን ሌላ ሰው ይመራዋል። እኔ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ተዛውሬያለሁ።

ለእማዬ ንገሪያት። ክሊፗን ያወጣሁትም እኔ እንደሆንኩ ንገሪያት። ስለ እጇ ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ወዲህ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም፤ ፋሻው ተፈታ?

ወንድምሽ

*

መጋቢት 5

ለጆሮ፣

አልነገርኳትም። ደብዳቤህን ሰጠኋት፤ ራሷ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ያቺን «ያልተለመደ ይዘት» የምትለዋን ቃል በጥፍሯ ከሥሯ እያሰመረች ቆየች። ከዚያ በግራ እጇ «ይሄ ልጅ ሙልጭ ያለ ሞኝ ነው» አለችና ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

ከሰዓት ስመለስ ቤቱ ሞልቶ አገኘሁት። ፀጉር ሠሪዋ፣ የዳቦ ቤቷ ገንዘብ ተቀባይ፣ መንታዎቹ እህትማማቾች፣ ሌሎችም፤ ስምንት ሴት። የስፌቱ ጠረጴዛ ተገፍቶ፣ መብራቱ ተስተካክሎ። አንድ በአንድ አስቁማ እንድቀርጻቸው አዘዘችኝ። ቀስ ብሎ ያወራ ሰው ከእሷ ጋር ነበር ጠቡ፤ «እንደ አስተማሪ አታውሩ፣ እንደምትጣሉ አውሩ» ትላቸዋለች። እነሱም ተጣሉ። መንታዎቹ የእውነት ተጣልተው ማስታረቅ ነበረብን። ሃያ ስድስት ክሊፕ ሆነ። ፖስታው ውስጥ ያለው ፍላሽ እሱ ነው። አንድ ክሊፕ ማስረጃ አይሆንም ካለ፣ ሃያ ስድስቱን ተመልከት በለው። አሥራ አራተኛው ላይ የዳቦ ቤቷ ሴት አንተን በስምህ እየጠራች ትሰድብሃለች፤ እሱን አለቃህ ፊት ስትከፍት ተጠንቀቅ፣ እጅ የማያውቅ ሰው እንኳ ይገባዋል።

እማዬ የለችበትም። ደክሞኛል አለች። ፋሻው ተፈትቷል።

ለእኔ ይቅርታ ስትል ነበር በደብዳቤህ ሁሉ። ለእኔ አይደለም የምትለው። እኔ እሰማለሁ፤ ስልክ ብትደውል ድምፅህ ይደርሰኛል። የእማዬን ሥራ ግን መጀመሪያ ጨርስ። እስከዚያ ስልኩን ከመሳቢያው አላወጣም።

እህትህ

*

መጋቢት 28

ለእትዬ፣

አለፈ። በሃያ ስድስቱ ክሊፕ የድሮው ቨርዥን ድምጥማጡ ጠፋ። ስብሰባው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፈትኳቸው፤ በአንደኛው ስምንት ሴቶች ይጣላሉ፣ በሌላኛው ስምንት ሴቶች ደረታቸው ላይ ጭስ ይዘው ቆመዋል። አለቃዬ አሥራ አምስቱ ይሁን አለ። ጠረጴዛዬ ግን ያው ጥግ ነው፤ የቡድን መሪነቱም አልተመለሰልኝም፤ አልጠየቅኩም። አዲሱ ቨርዥን ማክሰኞ በአፕዴት ወደ ሰው ስልክ ወረደ።

ትናንት እማዬ ደወለች። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ፤ ስልኩን ከመሳቢያው አውጥታ የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፋ ብቻዋን ነበረች። ሰላም አላለችኝም። አርባ ደቂቃ ሙልጭ አድርጋ ሰደበችኝ። እትዬ፣ አንድም ጣት አላመለጠኝም። እያንዳንዱን ነገር ስትጨርስ «ድገመው» ትለኛለች። መነቅነቅ ከልክላኛለች። የተናገረችውን በገዛ እጄ መልሼ ካልነገርኳት ወደሚቀጥለው አታልፍም፤ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ልጅ አስቀምጣ አስደገመችኝ። አውቶቡስ ማቆሚያውን አስደገመችኝ። መነጽሩን አስደገመችኝ።

ሁሉንም ስላየሁ እጇንም አየሁ። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣትና ከጎኗ ያለችው አይንቀሳቀሱም። ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። ቃሎቹን በሦስት ጣት እየቆራረጠች ነው የምትላቸው፤ አንዳንዱን በግራ እጇ ትጨርሰዋለች።

ደህና ወጣች ብለሽ ጽፈሽልኛል። ጥር 14፣ በራስሽ እጅ። ሁለት ወር ተኩል ስጠይቅሽ «ፋሻው ተፈትቷል» ብቻ ብለሽ አለፍሽኝ። እኔን ውሸታም ስትዪ አንቺስ? እሷ አትንገሪው ብላሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነግራኛለች። ግን ደሜ ፈልቷል፤ ለምን እንደደበቅሽ በቅጡ ንገሪኝ። ሥራውን እንድጨርስ ብለሽ ነው? አዝነሽልኝ ነው? የትኛውም ቢሆን ደስ አይለኝም። ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እገባለሁ፤ ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ።

አንቺም ሳታውቂው የቀረ ነገር ካለ እዚህ ልጻፍልሽ። ቀዶ ጥገናው የተቀጠረው ለጥር አልነበረም። መጀመሪያ ኅዳር ላይ እንደነበረ ትናንት ነው የነገረችኝ። ያኔም እንድመጣ ነግራኝ ነበር፣ ለብቻዋ ሆና፤ እኔም ነቅንቄ ነበር። ስቀር ሥራ በዝቶበት ነው ብላ ሐኪሙን ወደ ታኅሣሥ አስለወጠችው፤ ነገረችኝ፣ ነቀነቅኩ። እንደገና ወደ ጥር። ሐኪሙ የጣቶቿ ነርቭ ክርኗ ላይ እየተጨመቀ ስለሆነ አትቆዪ ብሏት ነበር። ልጄ ሳይመጣ እጄን አላስነካም አለችው።

ጠየቅኳት። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር፣ ግን ጠየቅኳት። «ኅዳር ላይ ቢሠራልሽ ኖሮስ?»

«ጣቶቼ ይድኑ ነበር ብሎኛል» አለች።

ደገምኩት።

«አንተን ስጠብቅ ነው የሞቱት» አለች።

እጆቼ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። እሷም አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ስልኩን እያየች ጠበቀችኝ። በሦስት ጣቷ «ድገመው» አለችኝ።

በሁለት እጄ፣ በአሥር ጣቴ፣ «እኔን ስትጠብቂ ነው የሞቱት» አልኳት።

ወንድምሽ